አንቀጽ አሥራ አራት የማን ነው?

አርቃቂዋ ረቂቁን ደግማ ደጋግማ አነበበችው፤ አንቀጽ አሥራ አራት ግን አልዋጥላት አለ። «በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሕፃናትን ማዋል የተከለከለ ነው» ይላል፣ ቁርጥ አድርጎ። ታላቅ እህቷ የምትተዳደረው የሰፈሩን ልጆች ሳሎኗ ውስጥ እያዋለች ነው። ይሄ ሕግ ከጸደቀ እህቷ በሯን ዘጋች ማለት ነው።

ማን እንዳስገባው ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ ማሽኑ። መሥሪያ ቤቱ ሕግ የሚያረቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካስገባ ወዲህ የማይወደድ ነገር ሁሉ በሱ ይላከካል። ምስኪኑ ማሽን ሰበብ ሆኖ ቀረ። ኃላፊው «ማሽን ዘመድ የለው፣ ጥቅም የለው» እያሉ ይኩራራሉ። እሷ ግን ጠረጠረች፤ የጠረጠረችውም እሳቸውን ነው። አንቀጹን ባነሳች ቁጥር ወሬ ያስቀይሳሉ። ከጎኗ የሚቀመጡት አንጋፋ አርቃቂ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ ያጽናኗት ነበር። ማሽን ምን ይደረጋል ይሏታል።

መሥሪያ ቤቱ አንድ የቆየ ልማድ አለው። ረቂቅ በስብሰባ ሲነበብ አንቀጹን ያመጣው ሰው ብድግ ብሎ ይሟገትለታል፤ የሚቆምለት ያጣ አንቀጽ ይሰረዛል። አሥራ አራት ላይ ሲደረስ ኃላፊው ማሽኑ ራሱ እንዲያስረዳ አዘዙ። አስረዳ፤ ደህንነት፣ ንጽሕና፣ ጥራት እያለ አሳመረው። አርቃቂዋ ደግሞ ክልከላውን ተቃውሞ እንዲናገር ጠየቀችው። ያንንም ያንኑ ያህል አሳመረው። ቤቱ ሳቀ፤ ለእሷ ግን ሳቁ አልመጣላትም።

«ይሄ እኮ ያዘዙትን ነው የሚናገረው» አለች። «አንቀጹን የፈለገው ሰው ራሱ ይቁም። ካልሆነ ይሰረዝ።»

ይህን ስትል ኃላፊው ላይ አፍጥጣ ነበር። እሳቸው ግን ምንም ሳይመስላቸው፣ ልማድ ነውና ማንም ካልቆመ ይሰረዛል አሉ። ጸሐፊዋ ልትሰርዘው ስትል ከአርቃቂዋ ጎን ያለው ወንበር ሲጢጥ አለ። ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱ። ሴት ልጃቸው ትልቅ የሕፃናት መዋያ እያስገነባች መሆኑን የማያውቅ የለም፤ አርቃቂዋም እንደ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት ብላቸዋለች። ከዚህ ጋር ግን አገናኝታው አታውቅም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ማሽኑ ይበቃኛል ብዬ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፊታቸውን ወደ ኃላፊው አዙረው መሟገት ጀመሩ። መሟገትን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እንደሚያሸንፉ ገና ከመጀመሪያው ቃል አወቀች።