በጉ ሲተኛ

ያን በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ማጠፊያውን በየድኩ፣ ቀለም ቀባሁት፣ በትከሻዬ ተሸክሜ አምጥቼ ገጠምኩት። የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ግራ ዓይኗ አብጦና የፊት ጥርሷ ከግማሹ ተሸርፎ፣ ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብላ «በሩ መታኝ ጋሼ» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«የትኛው በር?»

«ይሄው። ንፋስ ወረወረውና...»

«ወደ ውስጥ? በያጅ ነኝ እንጂ ጅል እኮ አይደለሁም!»

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ መልሳ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች። መርፌው ላይ ክር አልነበረም።

አባታችን ሲሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ጸጉሯን ሳይቀር የምሠራት እኔ ነበርኩ፣ ያውም በነዚህ ብረት በጠበሳቸው ጣቶቼ። ለባል ስሰጣት አንጀቴ ቅር ብሎት ነበር። ሰውየው ቄራ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ በሬ ሲያርድ ይውላል፣ ባልደረቦቹ ግን «በጉ» ነው የሚሉት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው ሰው የለም። ዝንብ እንኳ በልመና ነው የሚያባርረው። «እንዲህ ያለ ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል» ብዬ ነበር፤ ማን ይስማኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ከንዴቴ ሥር «አላልኳችሁም!» የምትል ትንሽ ደስታም ነበረች።

ሳላስፈቅዳት መኝታ ቤት ገባሁ። የብረት አልጋው ራስጌ ላይ የከብት ገመድ ታስሯል። ጫፉ ላይ ቄራ ውስጥ በሬ የሚጠልፉበት ዓይነት ሸምቀቆ አለ። ሸምቀቆው ላይ ደም ደርቋል።

«ያስርሻል?» አልኳት። «አስሮ ነው የሚቀጠቅጥሽ?»

«አይደለም! ጋሼ፣ በናትህ ስማኝ፣ እሱ እኮ...»

አልሰማኋትም። ገመዱን እንዳየሁ የእጅ አንጓዋን ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ወደ ብየዳ ቤቴ ጎራ ብዬ ለአጥር ከቆረጥኳቸው ቱቦዎች አንዱን አነሳሁና በእግሬ ወደ ቄራው ነጎድኩ።

በኋላ በር በኩል አገኘሁት፤ ቦቲውን በጎማ ውሃ እያጠበ ነበር። ነጭ ጋዋኑ እስከ ጉልበቱ ደም ነው። ወገቡ ላይ ሦስት ቢላዋ የያዘ ቀበቶ ታጥቋል። መጀመሪያ ቱቦውን አየ፣ ቀጥሎ ፊቴን አየ። ከዚያ ቀበቶውን ቀስ ብሎ ፈታና ከነቢላዎቹ ግንቡ ላይ አስቀመጠው። ይሄ ይባስ አናደደኝ።

«መተሃታል?»

«አዎ» አለ። «ጥርሷን የሰበርኩት እኔ ነኝ ጋሼ። ግን...»

«ግን»ን በቱቦው አቋረጥኩት። የመጀመሪያው ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ጎኑ ላይ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከና ቀኝ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። እጁን መታሁት፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ማቆም እችል ነበር። «ይሄ ነው? ይሄ እጅ ነው?» እያልኩ መሬት ላይ በጫማዬ ረግጬ ያዝኩትና ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አንዴም መልሶ አልመታኝም። ሠራተኞቹ ሮጠው ሲደርሱና አንዱ ቆዳ ገፋፊ ጀርባዬ ላይ ሲቀመጥብኝ፣ የበጉ ጣቶች እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው አቅጣጫ ዞረው ነበር።

ፖሊስ መጣ። በጉ «የሥጋ መንጠቆ ወድቆብኝ ነው» አለ። ፖሊሱ ቱቦዬን እያየ የተባለውን ጻፈ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ እንዳይመስላችሁ፣ እህቴን ልወስዳት ነው። ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝና በጥፊ አጮለችኝ። በዕድሜዋ ሙሉ እጇን አንስታብኝ አታውቅም።

«በእንቅልፍ ልቡ ነው!» አለች። «ዓመት አልፎታል። ሊነጋጋ ሲል በሕልሙ በሬ ያመልጥበታል፣ ወደ እኔ ይሮጥብኛል፣ እሱ ከበሬው ይታገላል። የሚመታው በሬውን ነው፤ የሚያገኘው ግን እኔን። ሲነቃ ደሜን ያያል። ገመዱን ለራሱ ነው የገዛው። በገዛ እጁ ነው እጁን የሚያስረው። የዚያን ዕለት እጁ ከገመዱ አምልጦት ነው!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

«አሁንም አላምንሽም» አልኳት። «ሚስቱን የሚደበድብ ሰው መቼ ሰበብ አጥቶ ያውቃል? ደግሞ በሕልሙ! ለሌላ ንገሪ።»

ግን ጥያት አልሄድኩም። ክፍሉ በር ላይ ወንበር ስቤ እንደ ዘበኛ ተቀመጥኩ። በጉ እጁ ውስጥ ብረት ገብቶለት፣ እስከ ክርኑ በጀሶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቀትር ላይ ነው፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ አርፋለች። ዓይኖቹ ከቆባቸው ሥር መሯሯጥ ጀመሩ። እህቴ ይህን ስታይ ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ ትራስ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘች። የለመደችው ሥራ ነበር።

«ያዘው!» ብሎ ጮኸ በጉ። ያ ድምፅ ከእሱ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ቀንዱን! ቀንዱን ያዘው፣ ሊወጋት ነው!» እግሩ የመድኃኒት ጠረጴዛውን ገለበጠው። በጀሶ የተጠቀለለውን እጁን አንስቶ የአልጋውን ብረት ቀጠቀጠው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጀሶው እስኪሰነጠቅ። ዘልዬ ልይዘው ገባሁ።

«አትንካው!» አለች እህቴ። ዘገየች፤ ክርኑ አፍንጫዬ ላይ አርፎ ነበር። እሷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ «ቤት ነህ! በሬው ታርዷል! ታርዷል!» እያለች ተጣራች።

ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ የእኔን ደም አየ። ከዚያ ክፍሉን በዓይኑ ዳሰሰ፣ እሷን ፈለገ።

«መታኋት?» አለኝ።

የእሱ ግራ እጅ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ነበር። አንጓው ዙሪያውን በገመድ ተልጦ፣ ገሚሱ አርጅቶ ጠባሳ ሆኗል፣ ገሚሱ ገና እያዠ ነው። የእህቴን አንጓ አየሁ፤ ምንም የለበትም።

እጁን እንደገና ኦፕራሲዮን አደረጉት። ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም ጀሶው እንዴት እንደተሰበረ ሲሰማ የእንቅልፍ ሐኪም ጠራ፤ አጭር፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ያንኮራፋል ወይ፣ ተኝቶ ትንፋሹ ይቋረጣል ወይ፣ ይጠጣል ወይ፣ ለድብርት የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ አንዳንዱ መድኃኒትም እንዲህ ያደርጋል አለች። ከዚያ ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ አንድ ሌሊት አስተኛችው።

«ሰው ሲያልም ሰውነቱ ይቆለፋል» አለችን ውጤቱ ሲመጣ። «የሚሮጠው ሕልሙ ውስጥ ነው እንጂ እግሩ አይነቃነቅም። የእሳቸው መቆለፊያ አይይዝም።»

ይሄ ገባኝ፤ መቆለፊያ አውቃለሁ።

ከመኝታ በፊት የምትዋጥ ትንሽ ክኒን አዘዘችለት። ፍራሹን መሬት አድርጉት፣ ስለትና ጠርዝ ያለው ነገር አታስጠጉበት፣ እስኪረጋጋ ድረስ ለየብቻ ተኙ፣ ገመዱን ደግሞ ጣሉት አለች። በየዓመቱ እየመጣም ይታይ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ሕመም እጅ የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው።

«ከዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ» አለች ወረቀቷን እየሰበሰበች፣ «የእርስዎ ጥርስም የእሳቸው እጅም ደህና ነበር።» ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ክኒኑ ሠራ። በሦስት ወር ውስጥ አንዴ ብቻ ጮኸ አሉኝ፤ እሱም ቃዥቶ ዝም አለ። ሦስት ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። ቢላዋ መያዝ አይችልም። ቄራው በር ጥበቃ ላይ መደበው፣ መኪና ያስገባል፣ ያስወጣል።

እኔ በአፌ ይቅርታ ማለት ስለማላውቅ በእጄ ሠራሁ፤ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ጠርዙ ሁሉ በስፖንጅ የተሸፈነ አልጋ። ተሸክሜው ሄድኩ። እህቴ ከፈተችልኝና የበሩ ደፍ ላይ ቆመች። በጉ ከውስጥ ወንበሩ ላይ ሆኖ አየኝ።

«ጋሼ፣ ግባ እንጂ» አለ። «ይቅር ለእግዜር። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።»

«አታደርግም» አለችው፣ ፊቷን ከእኔ ሳትመልስ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «እሱ ጥርሴን የሰበረ ጊዜ ደሜን አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንተ ቄራ እስክትደርስበት ሁለት ሌሊት ቁጭ ብሎ ነው ያደረው፣ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አንተ እጁን የሰበርክ ዕለት እንዴት አደርክ?»

ልዋሻት ፈለግኩ። ያን ማታ እጄን ታጠብኩ፣ እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ፣ ጎኔን እንዳሳረፍኩ ፀሐይ ፊቴ ላይ እስክትወጣ አልተገላበጥኩም። በዓመታት ውስጥ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

«ተኛሁ» አልኳት።

«ደህና አድርገህ?»

«ደህና አድርጌ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልጋውን በአንድ ጫፉ ይዛ ጎትታ አስገባች። እኔን አላስገባችኝም።