ከማሞቂያው ጀርባ ያለው ቀዳዳ

ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ማስተማሩን እንዴት ይፈራዋል? ይህን ጥያቄ ይዤ ከረምኩ። የልጅ ልጄ ስምንት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ እየወጣች፣ ምድር ቤት እየገባች የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሣሪያ ስትገጥም አንድም ቀን ስትፈራ አላየሁም። የሙያ ኮሌጅ አስተማሪ ከሆነች ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ቁርስ አልወርድ ይላታል።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ፣ እናቴ?» ብዬ ብጠይቃት፣

«የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ፣ እማማ? መሣሪያው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ መጽሐፉ ደግሞ በዕድሜ ይበልጠኛል። እንዴት እንደሚስተማር ማንም አላሳየኝም። የክፍሉን ቁልፍ ሰጥተውኝ ሄዱ፣ በቃ» አለችኝ።

የድሮ አለቃዋ ተመለሺ እያለ ይደውልላታል። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጽፋ መደርደሪያው ላይ ካስቀመጠችው ሳምንት ሆኖታል፤ ሰኞ ልታስገባው ነው። ማንበቤን አታውቅም። ፖስታው አልታሸገም ነበር፣ ምን ላድርግ። «ለማስተማር ብቁ ሆኜ ራሴን ስላላገኘሁት» ይላል። ብቁ! በሰባት ዓመቷ የግድግዳ ሰዓቴን ፈታታ መልሳ የገጠመች ልጅ!

ከዚያ ሰኞ በፊት አንድ ትምህርት ቀርቷት ነበር፤ ዓርብ ተማሪዎቿን እዚሁ ቤታችን አምጥታ ልታስተምር። ኮሌጁ ለአዳዲስ አስተማሪዎች ደጋፊ መድቧል፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው አሉ። ትምህርቱን ቁጭ ብለው ያዩና በኋላ ይመካከራሉ። «ሊረዱኝ ነው የሚመጡት» ትላለች። እኔ ደግሞ ደብተር ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ሰው ለእርዳታ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ሊጥሏት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። የፊት ለፊቱ በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጠማል። ያ ማራገቢያ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ፣ የውጭው ብርድ በየስንጥቁ ሹልክ እያለ ይገባል። ቀጭን ጭስ የሚያወጣ ዘንግ ስንጥቁ አጠገብ ሲያስጠጉት ጭሱ ይበተናል፤ ቤቱ ሙቀት የሚያባክንበት ቦታ በዚህ ይታወቃል። ሐሙስ ዕለት ብቻዋን ሞክራው አሥራ አንድ ቦታ አገኘችና በወረቀት ጻፈች።

«እማማ፣ ቤታችን ወንፊት ነው!» አለችኝ እየሳቀች።

ወንፊት! ያ ሁሉ ተማሪ ፊት፣ ያ ባለ ደብተር ሰውዬ ፊት፣ የአስተማሪዋ ቤት ወንፊት ሊባል!

ዓርብ ጠዋት ተማሪዎቿን ልታመጣ ስትወጣ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ትታው ነበር። መነጽሬን አደረግኩና ተነሣሁ። ካልሲ፣ ጥጥ፣ አሮጌ ፎጣ፣ የተቀደደ የትራስ ልብስ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ የመስኮቱን ሥር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው የገባበትን፣ የጓሮውን በር ሥር አንድ በአንድ ጠቀጠቅኩ። የጣሪያዋን መስኮት እንኳ በመጥረጊያ እንጨት ታግዬ አሸነፍኳት። አሥራ አንዱን ስጨርስ ከውኃ ማሞቂያው ጀርባ፣ ከግድግዳው ግርጌ፣ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አየሁ። ወረቀቱ ላይ የለም። ልጅት ረስታዋለች አልኩና የባለቤቴን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወፍራም ሹራብ ጠቅልዬ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት። ከዚያ ለእንግዶቹ ብርጭቆዎቹን በሙቅ ውኃ ሳጥብ ቆየሁ። ራሴን ይወጋኝ ጀመር። ጭንቀት ነው አልኩ።

ዘጠኝ ሆነው መጡ፤ አንዷ ብቻ ሴት ናት፣ አጭር፣ ቀልጣፋ። ባለ ደብተሩ ሰላምታ ሰጥተው ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የልጅ ልጄ «መጀመሪያ ጋዝ ይዘጋል» ብላ ማሞቂያውን አጠፋች፤ ማራገቢያውን አስነሣች፤ ጭሱንም መስኮቱ ሥር ያዘችው።

ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

ወደ ሽቦው ሄደች። ቀጥ። ወደ ጓሮ በር ሄደች። ቀጥ። እኔ በኩራት ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜአለሁ።

«ቲቸር፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ቴርሞስ?» አለ ረጅሙ ተማሪ። ሳቁ።

የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም። ማራገቢያው ላይ ያለውን የአየር መለኪያ አየች፤ ወረቀቷን አየች፤ እንደገና መለኪያውን። አንገቷ ቀላ፤ ስትፈራ እንዲያ ነው። ኩራቴ ያን ጊዜ ጠፋ። የሚያስተምሩበት ነገር ክፍተቱ ራሱ መሆኑ ገባኝ፤ እኔ ደግሞ ሙልጭ አድርጌ ወስጄባታለሁ።

«አላውቅም» አለች እሷ።

ያቺን ቃል ነበር ዓመቱን ሙሉ የፈራቻት።

«ትናንት አሥራ አንድ ቦታ ነበር፤ ዛሬ የለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ኑ፣ አብረን እንፈልግ።»

የባለ ደብተሩ እርሳስ ተንቀሳቀሰ። አለቀላት አልኩ።

አጭሯ ሴት እጇን የሽቦው ቀዳዳ ውስጥ ሰዳ የእኔን ካልሲ ጎትታ አወጣች። ሳቁ ቤቱን አናወጠው። የልጅ ልጄ ወደ እኔ ዞረች፤ መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ከማሞቂያው ጀርባ ያለውንስ?»

«እሱንማ... ረስተሽው መስሎኝ...»

ሮጣ ሄዳ ሹራቡን መንጭቃ አወጣችው። «ከደፈንሽው በኋላ ማሞቂያውን ለኩሰሻል?»

«ብርጭቆ አጥቤበታለሁ።»

«ራስሽን አሞሻል?»

«ትንሽ። የሐሳብ ነው እንጂ...»

ማራገቢያውን አጥፍታ በርና መስኮቱን በረገደችና እጄን ይዛ ደጅ አስቀመጠችኝ። ተማሪዎቹ ከበቡን። አንድ እጇ ትከሻዬ ላይ ነው፤ በሌላው ሹራቡን ይዛለች።

«ይህን ቀዳዳ ወረቀቴ ላይ ያልጻፍኩት የቤቱ ጉድለት ስላልሆነ ነው» አለች። «ማሞቂያው የሚተነፍሰው በእሱ ነው። እሳቱ አየር ሲያንሰው ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ያወጣል። ቤት ከማሸጋችሁ በፊት እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚነድ ጠይቁ። ሁልጊዜ። ለምን ቢባል፣ የምታሽጉት ቤት ውስጥ የአንድ ሰው አያት አለች።»

መጽሐፍ አልያዘችም። ድምፅዋ ጣሪያ ላይ ቆማ «ገመዱን ላኩ!» ትል የነበረችው ልጅ ድምፅ ነው። ረጅሙ ተማሪ እንኳ ቀልዱን ትቶ ይጽፋል።

ተማሪዎቹ ዕቃውን ሲያነሡ ባለ ደብተሩ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ጌታዬ፣ የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እዚያ ደብተር ላይ የሚጻፍ ጥፋት ካለ በእኔ ይጻፉት።»

ደብተሩን አዙረው አሳዩኝ። ሁለት መስመር ናት። «አላውቅም አለች። ከዚያ ፈለገች።»

«እናቴ፣ እኔ ይቺን ቃል ተማሪ ፊት እስካወጣት አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉኝ። «የመጣሁት ላስተምራት ነበር፤ አሁን ሌሎቹን አዳዲስ አስተማሪዎች ይዤ መጥቼ ክፍሏን ላሳያቸው ፈልጌአለሁ። ብትቆይ ነው እንግዲህ።»

ብትቆይ። ለእሷም ይህንኑ ነገሯት፤ እሷ ግን ማራገቢያውን ከበሩ ልትፈታ ሄደች። ቅዳሜም እሑድም ፖስታው ከመደርደሪያው አልተነሣም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ለእኔ እንዴት ያለ መከራ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

ሰኞ ጠዋት ቁርሷን ጠርጋ በላች። ከመደርደሪያው ፖስታውን አነሣች። ትንሽ በእጇ መዘነችው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከባዶ ሳህኗ አጠገብ አስቀመጠችው። የባለቤቴን ሹራብ ከወንበሩ ላይ አንሥታ አጣጠፈችና የክፍሉ ቁልፍና የጭሱ ዘንግ ያሉበት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ግንባሬን ሳመችኝ። ፖስታውን እዚያው ትታ በሩን ከፍታ ወጣች።