ሶፋ የሚያኝከው ሶፋ ሠሪ

ሶፋ ሠሪው ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ የሰማ ሁሉ፣ ድምፁ የሰው ነው ብሎ ለመማል አይደፍርም። አይጦቹ እንኳ "እዚህማ ከኛ የባሰ አለ" ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጥተዋል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ደግሞ በሩን አንኳኩቶ "ወፍጮ ስትተክሉ ፈቃድ አወጣችሁ?" ብሎ ጠይቋል።

ይህን ሁሉ ሚስቱ ችላው ነበር። የከፋት፣ ሚጢጢ የሚሏት የሰባት ዓመት ልጃቸው እሷም በእንቅልፏ ማፋጨት የጀመረች ዕለት ነው።

"ስማ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ወፍጮ ይበቃኝ ነበር" አለችው። "ሁለት አልችልም። መላ ካላገኘህ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ነኝ።"

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ሻንጣው ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዶ፣ አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጭንቀት አላስቀምጥ አለው። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ መዶሻውን አንስቶ ለምን እንዳነሳው ይረሳል።

በመጨረሻ መላውን ከገዛ እጁ ፈለገ። ከወንበር የተረፈ ስፖንጅ ቆረጠ፣ በቆዳ ለበጠው፣ ዳር ዳሩን በወፍራም ክር ሰፋው፣ ጥርሱ መሐል አድርጎ ተኛ። ጠዋት ሲነሳ ግማሹ የለም።

"የታለ?" አለች ሚስቱ።

"እንጃ... ተመችቶኝ ነው መሰል።"

"በላኸው! ሰው ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ አንተ ሶፋ ታኝካለህ!"

እሱ ግን ጥፋቱ የክሩ ነው አለና ሌላ አጥብቆ ሰፋ። ለሚጢጢም ትንሽዬ፣ ቀይ ቆዳ የለበሰች ሠራላት። ልጅቱ አፏን ከፍታ ልትጎርሳት ስትል እናቷ መንትፋ ወሰደቻት።

"አንቀህ ልትገላት ነው እንዴ?"

ያን ቀን ሦስቱም ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዱ።

ሐኪሟ አፉን በመስታወት ዞር ዞር እያደረገች አየች። "ጋሼ፣ ጥርስዎ በሞረድ የተሞረደ ነው የሚመስለው። ጠዋት መንጋጋዎን ያምዎታል?"

"መንጋጋዬን? ባለፈው በዚህ መንጋጋ የብረት ቁልፍ..."

"ውሸትህን ተወውና መልስ!" አለች ሚስቱ። "ያመዋል፣ ዶክተር። ራሱንም ያመዋል።"

"ቀን ምን ይሠራሉ?"

"ምስማር ይጎርሳል" ብላ አሁንም ቀደመችው። "አንድ ጭብጥ ጎርሶ አንድ በአንድ እየተፋ ይመታል። ምስማር ካጣም ጥርሱ እርስ በርሱ ይናከሳል።"

"እንግዲያው ምስማሩ ከአፍዎ ይውጣ፣ ጋሼ። ቀን ከንፈርዎን ይግጠሙ፣ ጥርስዎ ግን አይነካካ። ጭንቀትም ያባብሰዋል። ለሌሊት በጥርስዎ ልክ መከላከያ እሠራልዎታለሁ። ማፋጨቱን ላያስቆመው ይችላል፤ ጥርስዎን ግን ያተርፍልዎታል፣ ድምፁም ይቀንሳል።"

"እሷስ?" ድምፁ አነሰ። "ከኔ ነው የያዛት?"

"በዘር ሊመጣ ይችላል። የልጆች ግን ብዙውን ጊዜ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። አልፎ አልፎ አምጥታችሁ አሳዩኝ እንጂ አፏ ውስጥ ምንም አይግባ። ከመኝታ በፊት ረጋ ማለት ይጠቅማታል፤ ምን ታደርጋለች?"

"አባዬ ተረት ይነግረኛል!" አለች ሚጢጢ። "ባቡር የሚበላውን አንበሳ! አልጋው ላይ እያገሳ ያባርረኛል!"

ሐኪሟ ሶፋ ሠሪውን አየችው። ሶፋ ሠሪው ጣሪያውን አየ።

መከላከያው በደረሰ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ ልጅቷን ይዛ ሥራ ቦታው ድረስ መጣች። "አጥልቀውና እዚህ ተኛ። እናቴ እየጠበቀችን ነው፤ ከመሄዳችን በፊት ልስማህ።"

ገና ያልተለበጠ ሶፋ ላይ ተጋደመ። "እያየሽኝ እንቅልፍ ከየት ይምጣ?" ሊል ሲል፣ አፉ ሞልቶበት ፉጨት ብቻ ወጣ። ሚጢጢ በሳቅ ፈነዳች።

"ተኛ አልኩህ!"

ሚጢጢ ጎኑ ገባች። "አባዬ፣ አንበሳውስ?"

"ዛሬ ደክሞታል" አላት እየተኮላተፈ። "ባቡሩን ተወና ሐዲዱ ዳር ተኛ። ጅራቱም ተኛ። ጢሙም ተኛ..."

እንዲህ ያለ ልፍስፍስ ተረት በሕይወቱ አውርቶ አያውቅም። የልጅቱ ትንፋሽ ግን ረዘም፣ ረጋ አለ።

እሱም ዓይኑን ጨፈነ። የሶፋው ስፕሪንግ ወገቡን ይወጋዋል፣ እግሩን ይበላዋል፣ መንጋጋው ንከስ ንከስ ይለዋል። ላለመንከስ ሲታገል ላብ አጠመቀው። የሚስቱ ጆሮ ጉንጩ ድረስ መጣ። ለማሳመን ያህል ትንሽ አንኮራፋ።

ቆየት ብላ ስልኳን አነሳች። "እማዬ፣ ዛሬ አንመጣም... አዎ፣ ጸጥ ብሏል። የሌሊቱን ደግሞ እናያለን።"

ሶፋ ሠሪው ደስታው ሊያስለቅሰው ደረሰ። አንዲት ደቂቃ እንኳ አለመተኛቱን ግን እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሌሊቱም ገና አልመጣም። ምን ያድርግ፣ ማንኮራፋቱን ቀጠለ።