ከየትኛው መደብ ልቁረጥ?

በእኛ ከተማ የአማኝ ቤት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ የምታክል የፕላስቲክ ሣጥን አለችው። ውስጧ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የተጻፈባቸው ካርዶች አሉ። ጠዋት ጠዋት አንድ ካርድ አውጥቶ፣ አንብቦ ወደ ማሳ መሄድ የአገሩ ወግ ነው። እኔ ግን አበዛሁት። ዶሮ ልግዛ? ካርድ። ጥርሴን ላስነቅል? ካርድ። ባሌ ኦፌሊዮ «ጌታን ሎተሪ አዟሪ አደረግሽው እኮ!» እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ማክሰኞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣል ያልነው የሳልቫዶሩ ጎመን ነጋዴ፣ የእምነት ወንድማችን ኤሊሴዮ፣ ድንገት መኪናውን ማሳችን አጠገብ አቆመ። ጥቅል ጎመናችን ደርሶ ነበር። ችግሩ ኦፌሊዮ ቅዳሜ ዕለት ትልቁን መደብ የትል መድኃኒት ረጭቶታል፤ ጠርሙሱ ደግሞ አሥራ አራት ቀን ሳይሞላ አትቁረጡ ይላል። ኤሊሴዮ ዛሬ ከጎረቤት ከጫነ ወር ሙሉ አይመለስም፤ እስከዚያ ጎመኑ ከልክ በላይ አድጎ ማሳው ላይ ይፈነዳል። የዘንድሮ ልፋታችን ሁሉ እዚያ መደብ ላይ ነበር።

ቤት ገብቼ ሣጥኗን ከፈትኩና አንድ ካርድ አወጣሁ። ጌታ የከፈተውን በር ማንም አይዘጋውም የሚለው ካርድ ደረሰኝ።

«እልልል! ሰማህ? በሩ ተከፈተ!»

«ካርዱ ስለ ጎመን ምን አለ?» አለ ኦፌሊዮ።

«አንተ ድሮም እምነት የለህም!»

«እሺ፣ ሌላ አውጪ።»

አወጣሁ። ሚዛን አታጭበርብሩ ይላል። ቶሎ ብዬ መለስኩት።

«ምነው መለስሽው?»

«ይሄ በሚዛን ለሚሸጥ ነው። እኛ የምንሸጠው በቁጥር ነው።»

እውነቴን ነው፣ እንዲህ ብያለሁ። ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ይሄኔ አማቴ ዶኛ ቶማሳ ቢላዋ ይዘው ብቅ አሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ካርድም አውጥተው አያውቁም።

«ለምሳ ሾርባ ጎመን ልቁረጥ ብዬ ነው። ከየትኛው መደብ ልቁረጥ?»

«ከትልቁ እንዳይነኩ!» ብዬ ጮህኩ። «ልጆቹ እኮ ናቸው የሚበሉት!»

ኦፌሊዮ ጫማውን ጫማውን ያያል።

«ታዲያ ያ ሰውዬ ለፍየል ነው እንዴ የሚሸጠው?» አሉኝ አማቴ። «ለልጅሽ የማትሰጪውን ለሰው ልጅ እንዳትሰጪ ለማወቅም ካርድ ያስፈልጋል? በይ ተነሽ፣ ሾርባው ሳይደርስ ንገሪው።»

ኦፌሊዮ እኔ ልሂድ አለ። እምቢ አልኩት። በሩ ተከፈተ ብዬ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

መንገዱ ጋ ደረስኩና «ወንድም ኤሊሴዮ፣ ትልቁ መደብ ከተረጨ ገና ሦስት ቀኑ ነው። አልሸጥልህም» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ ታሾፊያለሽ? ድንበር አቋርጬ መጥቼ?» ባርኔጣውን አውልቆ ጎማው ላይ መታው። ብዙ ተናገረ። ሲደክመው መኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥራ አንድ።»

«በአሥራ ሁለተኛው ቀን እመጣለሁ። ለሌላ ሰው ከሸጥሽው ወዮልሽ!»

እንደ እብድ ሳቅኩ። አመስግኜው ልሄድ ስል ጠራኝ።

«እህቴ፣ ያልተረጨ መደብ አላችሁ?»

«ትንሿ አለች፤ ለቤታችን ያስቀረናት።»

«ከእሷ አንድ ራስ ቁረጪልኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘጠኝ ዓመት ጎመን ስጭን፣ ከጫንኩት ላይ ለልጆቼ አንድም ቀን ወስጄ አላውቅም።»

ሮጬ ሄጄ ከትንሿ መደብ ትልቁን ራስ መርጬ ቆረጥኩለት። ጋቢናው ውስጥ፣ አጠገቡ ወንበር ላይ አስቀምጦት ሄደ።