በእንግዳ ፊት የሚለወስ አይብ

አሶሳ ውስጥ የእኔን አይብ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ወተት የማይስማማው ነው። ጉራ ነው የሚለኝ ይበለኝ። ላሞቹን የማልበው እኔ፣ እርጎውን የምንጠው እኔ፣ አሬራውን እሳት ላይ የምጠብቀው እኔ አሰፋሽ ነኝ። አይብ ችኩል ሰው አይወድም። እሳቱ ከበዛበት እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ካነሰው ደግሞ ሳይቋጥር ይቀራል። ጣቴን ነክሬ ትንሽ መታገስ የምችልበት ሙቀት ላይ ሲደርስ እሳቱን እጎትትና እከድነዋለሁ። ከዚያ በኋላ ድስቱን ማንም እንዲነካብኝ አልፈቅድም፣ ባሌ ደባልቄ እንኳን።

ለክብር እንግዳ የማቀርበው ግን ባዶውን አይብ አይደለም፤ በለውዝና በማር የተለወሰውን ነው። ለውዙ ይቆላል፣ ገለፈቱ ታሽቶ በሰፌድ ይበጠራል፣ ዘይቱ እስኪወጣ ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጣል። ከጫካ ማር ጋር ይታሻል፣ በመጨረሻም ከአይቡ ጋር ተለውሶ ድፎ ዳቦ ላይ ይቀባል። ይጣፍጣል እንጂ አያቅለሸልሽም፤ ማሩ ሊበዛ ሲል የአይቡ ኮምጠጥ ማለት ይመልሰዋል።

የዚህ ሙያ ግማሹ የእኔ ነው፣ ግማሹ የጎረቤቴ የዐዋጢፍ። ዐዋጢፍ ከበርታ ብሔረሰብ ናት፣ የሆሞሻ ልጅ፤ ለውዝ ሲወቀጥ እየሰማች ነው ያደገችው። አጥራችን አንድ ነው። በዚያ አጥር ላይ አይብ ከእኔ ወደ እሷ፣ የተወቀጠ ለውዝ ከእሷ ወደ እኔ ሲሻገር ሲሻገር፣ አንድ ቀን ሁለቱ አንድ ሳህን ላይ ተገናኙ። እሷ የእኔን ቤት ሥጋ አትበላም፣ እኔም የእሷን አልበላም። በዓል ሲመጣ ሁለታችንም ያለ ሐሳብ እጃችንን የምንሰድበት ሳህን ይኸው ነው።

አምና ልጄን ሳሌምን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር እዩኤል የሚባል የደብረ ማርቆስ ልጅ ለትዳር ጠየቃት። ልጁን ወድጄዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ ሲበላም ያስደስታል። ነገሩ የተበላሸው አንድ ቀን እቤታችን ቁጭ ብሎ ለእናቱ ለወይዘሮ ሰብለወንጌል ሲደውል ነው። ሳሌም እንድትሰማ ብሎ የስልኩን ድምፅ ከፍቶታል።

«ለመሆኑ የልጅቷ አገር የት ነው?» አሉት።

«አሶሳ ነው፣ እማዬ።»

«እሱማ የምትኖርበት ነው። እኔ አገሯን ነው የጠየቅኩህ።»

እዩኤል ስልኩን ሊዘጋ ሲጣደፍ ከእጁ አምልጦት ወደቀ። እኔ አይብ የማጠልልበትን ጨርቅ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «አገሬ ወሎ ነው» ይል ነበር፤ መብቱ ነው። እኔ ግን ወሎን የማውቀው በወሬ ነው። የወተት ጥርሴን የነቀልኩት እዚህ፣ የተዳርኩት እዚህ፣ አባቴንም እናቴንም የቀበርኩት እዚህ ነው። እኔስ እሺ፣ እዚህ የተወለደችው ልጄ አገሯ የት ይሁን? የሴትዮዋ ንግግር አንጀቴን አቃጠለው።

ሳሌም ደግሞ በእልኋ የእኔ ልጅ ናት። «እናቱ ደስ ብሏቸው ምራቴ ካላሉኝ አላገባውም» አለች። «አገር የለሽም እየተባልኩ ሰው ቤት አልገባም።» እዩኤል ለመነ፣ ደባልቄ መከረ፣ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ እዩኤል እናቱን «መጥተሽ ራስሽ እያቸው» ብሎ አሳመናቸው። የልጄ ትዳር በአንድ እንግድነት ላይ ተንጠለጠለ።

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ጽጌን እንኳን የማያልፉ ጾመኛ መሆናቸውን ስለሰማሁ፣ ጽጌ ተፈትቶ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ኅዳር ላይ መሃል ያለችውን ጠባብ ሳምንት ያዝኩ። ማክሰኞ ይገባሉ፣ ማክሰኞ አይቤን ይበላሉ፣ ረቡዕን ይጾማሉ፣ ሐሙስ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። በስሌቴ ኮርቼ ለዐዋጢፍ ሳይቀር አወራሁላት።

ማክሰኞ ጠዋት አይቡ ተጠልሎ፣ ለውዙ በማር ታሽቶ ቀረበ። ልለውሰው እጄን ስታጠብ ዐዋጢፍ ሳህኑን ሳበችው።

«አሁን አትለውስ፣ አሰፋሽ» አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን እኔን እንደ ወንድ ማናገሯን አልተወችም፣ እኔም ለምጄዋለሁ። «እንግዳ ይመጣል፣ ቁጭ ይላል፣ ያኔ ነው። እኛ ቤት ፊቱ ነው የሚለወሰው። እንግዳው ያያል፣ ያሸታል፣ ልቡ ይረጋል።»

«የደብረ ማርቆስ እመቤት ፊት እጄን ሳቦካ ልታይ? እኔ አሳምሬ፣ ከድኜ ነው የማቀርበው።»

«ማሩ ውሃውን ያወጣል፣ ወላሂ።»

«የእኔ አይብ ውሃ አያወጣም!» አልኳት። ሌላ ነገር ብትለኝ እሰማት ነበር። በአይቤ ስትመጣብኝ ግን ሳህኑን ነጥቄ ለወስኩት፣ ላዩን በማንኪያ ጀርባ አለሰለስኩት፣ ከደንኩት። ዐዋጢፍ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ደባልቄ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደወለ። «አየሩ ተበላሽቷል አሉ። በረራው ለነገ ተዛውሯል።»

«ለነገ? ነገ እኮ ረቡዕ ነው!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ረቡዕን ልሰርዘው?» አለኝና ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት፣ ያ የምኮራበት አይብ ማሩ ውሃውን ስቦ አውጥቶበት ቢጫ ውሃ ላይ ተንሳፎ ጠበቀኝ። ዐዋጢፍ በጓሮ በር ገባች፣ ወደ ሳህኑ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«በይ ተናገሪ» አልኳት።

«ምን ልናገር? የአንተ አይብ ውሃ አያወጣም» አለችና በሳቅ ፈረሰች። እየተናደድኩም ቢሆን ሳቋ እኔንም ያዘኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ሙቀጫዋን አመጣች። «ለውዝና ማር ጾም ነው፣ አይደል? ዛሬ የእኔን ይበላል። ነገ የአንተን።»

ወይዘሮ ሰብለወንጌል እኩለ ቀን ላይ በባጃጅ ደረሱ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው በዚያ አቧራ መንገድ እንኳን ያላደፈ ሴት ናቸው። ግቢያችን ውስጥ ያለውን የማንጎ ዛፍ ቀና ብለው አዩ፣ በእጃቸው ፊታቸውን አራገቡ፣ «ሙቀቱ ግን አይጣል ነው» አሉ። ዐዋጢፍ የተወቀጠውን አስረክባኝ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከጾም ሽሮው በኋላ ዳቦ ቆርሼ የለውዝና ማሩን አቀረብኩ። ቀመሱ፣ ደገሙ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «እዩኤል ሲያወራልኝ የከረመው ግን አይብ ነበር።»

«እሱን ነገ ነው፣ ወደ አውሮፕላኑ ከመሄድዎ በፊት።»

አፋቸውን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ ስጠብቀው የነበረውን ጥያቄ አመጡት። «አገራችሁ ግን ወደየት ነው?»

ሳሌም የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ወሎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሴትዮዋም ይረኩ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይም ደርሶ ነበር።

«ወላጆቼ ወሎዎች ናቸው» አልኳቸው። «የእኔና የልጄ አገር ግን ይሄ ነው።»

«እህ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ደጅ መለሱ። ሳሌም ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስከተላት እያለቀሰች ነበር። «በቃ፣ እማ፣ አልተቀበሉንም» አለችኝ።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ለገበያ ያጠራቀምኩትን እርጎ ናጥኩት። አሬራውን ጣድኩ፣ እሳቱን ጎተትኩ፣ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አላውቅም። አይቡ በረዶ መስሎ ወጣ። ጠለል ሲልልኝ አጥሩ ላይ ሄጄ ተጣራሁ።

«ዐዋጢፍ! ለውዝሽን ይዘሽ ነይ። ፊታቸው ነው የምንለውሰው።»

«እኔም ልግባ?»

«አንቺም ነዋ። ለውዝሽ ብቻውን በእግሩ ይመጣል?»

ደማቅ ብርቱካንማ የሱዳን ልብሷን ተከናንባ መጣች። ሁለታችንም እጃችንን እዚያው እንግዳዋ ፊት ታጠብን። እኔ አይቡን ገለበጥኩ፣ እሷ ለውዙን በላዩ ላይ አፈሰሰች፣ አንድ ሳህን ውስጥ ሁለታችንም እጃችንን አስገባን። ሽታው ቤቱን ሲሞላው የወይዘሮ ሰብለወንጌል አንገት ሳያስቡት ወደ ሳህኑ ዘለግ አለ።

«እኚህ እህት ማን ናቸው?» አሉ።

«ጎረቤቴ ናት፣ ዐዋጢፍ ትባላለች። ለውዙ የእሷ ሙያ ነው።»

«የትናንቱም?»

«የትናንቱም።»

ዓይናቸው በዐዋጢፍ መከናነቢያ ላይ ዐረፈ፣ ከዚያ ወደ እጇ ወረደ። እዩኤል አንገቱን ደፋ። ደሜ ፈላ።

«ወይዘሮ ሰብለወንጌል» አልኳቸው፣ «እሷን ጓዳ አስቀምጬ ብቻዬን እንደሠራሁት አስመስዬ ላቀርብልዎ እችል ነበር። አላደረግኩትም፣ አላደርገውምም። ትናንት አገሬን ጠይቀውኛል። አገሬ ይቺ ናት፣ አጠገቤ የተቀመጠችው። ልጄን አቅፋ ያሳደገችልኝ እሷ ናት። የሚበሉ ከሆነ ከሁለታችን እጅ ነው፤ ካልበሉም ቅር አይለንም፣ ሳህኑ ግን አይለወጥም።»

ሳሌም ዓይኗን ጨፈነች። ደባልቄ ጉሮሮውን ጠረገ። ትዳሩን በአፌ አፈረስኩት ብዬ አሰብኩ፤ ያም ሆኖ ካልኩት ውስጥ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

ዐዋጢፍ ግን ምንም እንዳልተባለ ሰው ዳቦ ቆረሰች፣ አይቡን ወፍራም አድርጋ ቀባች፣ ግራ እጇን ከቀኟ ክንድ ሥር ደግፋ ወደ ወይዘሮ ሰብለወንጌል ዘረጋች።

«ብላ፣ እማማ» አለች። «ከቆየ ውሃ ያወጣል።»

ወይዘሮ ሰብለወንጌል ዳቦውን በእጃቸው የሚቀበሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ጎንበስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ዐዋጢፍ አጎረሰቻቸው።

ረጅም ጊዜ አኘኩ። ከዋጡ በኋላ ቀና ብለው ዐዋጢፍን አዩ። «ጉርሻ አንድ ብቻ አይሆንም። ድገሚኝ እንጂ!» አሉ። ኩራቴ ደረቴን ነፋው፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አላፈርኩበትም።

ሲነሱ ይዘው የሚሄዱት ነገር ጠየቁ። አይቤን በንጹሕ ጨርቅ ልቋጥር ስል ግን ከለከሉኝ። «አይብማ እኔም ቤት አለ። ለውዙን ነው የምፈልገው» አሉ። ይኸው ነው፤ የእኔ አይብ አሶሳ ቀረ፣ የዐዋጢፍ ለውዝ በብልቃጥ ሆኖ በአውሮፕላን በረረ። እሷም ይህን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። በር ላይ ሳሌምን ሳሟት፣ ነገር ግን ስለ ጋብቻው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ልጄ ባጃጁ ከዓይን እስኪጠፋ ቆማ አየች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እዩኤል እኛ ቤት ተቀምጦ ሳለ እናቱ ደወሉ። ዐዋጢፍም ነበረች። እንደዚያ ቀን የስልኩን ድምፅ እንዳይከፍተው ልነግረው ስል ከፈተው። በወዲያኛው በኩል ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል።

«እዩኤል፣ ቆይ አትዝጋ» አሉ። «እንግዶች አሉብኝ፤ እጄ አይብ ነክቷል።»

ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ጠየቀቻቸው። «እትዬ ሰብሌ፣ ምነው እኛው ፊት? ጓዳ አትለውሺውም ነበር?»

«ፊት ለፊት ነው የሚለወሰው፣ ሥርዓቱ ነው» አሉ።

«የየት አገር ሥርዓት ነው ደግሞ?»

«የምራቴ አገር። የአሶሳ።»

ሳሌም ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እዩኤል ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ዐዋጢፍ በክርኗ ጎሸመችኝ። ስልኩ እስኪዘጋም አልጠበቅኩ፣ ተነስቼ ሙቀጫዋን ከአጥሩ ማዶ አመጣሁ። ለሠርግ ብዙ ለውዝ ያስፈልጋል።