ትልቁ ማጠንጠኛ

ኬይጎ በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መደብር ውስጥ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ሁለት የክር ማጠንጠኛዎችን ያያል። አንዱ ትንሽ ጥቁር ነው፤ ቀጭን ክር ብቻ ይይዛል። ሌላው ወርቅማ፣ ወፍራም ክር ቢጠመጥሙበት የማይጠግብ።

"በማን ጀልባ ነው የምትወጣው?" አለው ሻጩ።

"በካፒቴን ኮጋ።"

"እንግዲያው ትንሹን ውሰድ። ካፒቴኑ ሁሉም ሰው እኩል ቀጭን ክር ካልያዘ ደስ አይላቸውም። ስትደውልላቸው አልነገሩህም?"

ነግረውታል። ኬይጎ ግን ቆሞ እያለመ ነበር፦ ከጥልቁ ቡሪ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ያወጣል፣ ካፒቴኑ ዞር ብለው ያዩታል፣ ያኔ ልጃቸውን ናጊሳን ለማግባት ፈቃድ ይጠይቃል። ዓሣው ክሩን በጥሶ ቢያመልጥስ? እሳቸው እያዩት? ትልቁን ከወፍራም ክሩ ጋር ገዛ።

እሑድ ጠዋት አጥማጆቹ በጀልባዋ አንድ ጎን ተደረደሩ። ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍተው ጀልባዋን ለነፋሱ ለቀቋት። "ጣሉ" ሲሉ ሁሉም ዓሣ መሳይ የብረት ማባበያቸውን እኩል ወደ ታች ሰደዱ።

ከኬይጎ አጠገብ የቆሙት ሽማግሌ ኢዋሳ ማጠንጠኛውን አዩት። "ይሄ ለዓሣ ነው ወይስ መልሕቅ ለመጎተት?"

"ለሁለቱም ይሆናል፣ ኢዋሳ ሳን" አለ ኬይጎ በአክብሮት።

ሳቁ። የሌሎቹ ክር ቀጥ ብሎ ሲወርድ የኬይጎን ወፍራም ክር ግን የውኃው ግፊት አጉብጦ ወደ ጎን፣ ወደ ኢዋሳ ክር ወሰደው። መሰብሰብ እንዳለበት ገብቶታል። አንዴ ብቻ ከፍ ዝቅ ላድርገው ብሎ ቆየ።

የኢዋሳ ዘንግ በድንገት ጎበጠ። "ኧረ ይሄስ ከባድ ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ ዓሣው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስል። ሁሉም ክሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀላቸው። የኬይጎ ክር ግን የእሳቸው ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ወፍራሙ ቀጭኑን ገዘገዘው፤ ዓሣው አምልጦ ዘንጉ ቀጥ አለ።

የተቆጣ የለም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

"አይዞህ፣ እኔም ስንቱን በጥሻለሁ" አሉ ኢዋሳ።

ካፒቴኑ ከመሪው ክፍል ወርደው የተጠላለፈውን በጣታቸው መፍታት ጀመሩ። "የክሩ ውፍረት ስንት ቁጥር ነው?"

"ስድስት።"

"ሁለት ብዬህ ነበር።"

"አዎ፣ ብለውኛል።"

ቀጭን ክር ያለውን የጀልባዋን አሮጌ ማጠንጠኛ አምጥተው ሰጡት። ኬይጎ ተቀበለ እንጂ ክር አልጣለበትም፤ ቀኑን ሙሉ የሌሎቹን ዓሣ በመረብ ሲያነሳ ዋለ። ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ወደቡ ላይ ሲደርሱ ኢዋሳ ከያዟቸው ቡሪዎች አንዱን በኬይጎ የበረዶ ሣጥን ውስጥ አስተኙለት። "ከዚህ ጀልባ ባዶ እጁን የሚወርድ የለም" አሉት። ኬይጎ አጎንብሶ ቀረ፤ ቀና ለማለት አቃተው።

ካፒቴኑ ገመድ እያሰሩ፣ "ዛሬ የምትነግረኝ ነገር እንዳለ ናጊሳ ነግራኝ ነበር" አሉ።

"ነበረኝ። ግን በስልክ የነገሩኝን እንኳ አልሰማሁም። ዛሬ ምን አፍ አለኝ?"

"ዛሬ ብትጠይቀኝ እምቢ ነበር የምልህ።" ቋጠሮውን አጠበቁት። "ሌላ ቀን ምን እንደምል አላውቅም።"

ልትቀበላቸው የመጣችው ናጊሳ ከወደቡ መሰላል ጫፍ ሆና ሣጥኑን አየች። "ውይ፣ ያዝክ እንዴ?"

"የኢዋሳ ሳን ነው" አለ ኬይጎ፣ በወደቡ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። "ትልቁን እኔ አስመለጥኩባቸው፤ እሳቸው ይሄን ሰጡኝ።"

ናጊሳ መሳቅ ጀምራ፣ አባቷ ዞር ብለው ኬይጎን ሲያዩት አየችና ሳቋን ተወች።