ለእህቴ ፔዳል የጨመርኩት ማዞሪያ

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ጊታሪስት ናት፤ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ተጫውታለች። እኔ ሬዲዮና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። በእግሯ እየረገጠች የጊታሯን ድምፅ የምታሻክርበትን ዲስቶርሽን ፔዳል ከተጣሉ ቴፖች በለቀምኩት ዕቃ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የሠራሁላት እኔ ነኝ። ሁለት ማዞሪያ ነበረው፤ አንዱ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ አንዱ ያሻክረዋል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፔዳሉን በብብቷ ሸጉጣ፣ ጊታሯን አንግታ ሱቄ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

"ሆቴሉ ወደ ጠባቡ አዳራሽ ካስገባን ወዲህ ዘፋኙ ጆሮዬን በሳሽው ይለኛል። እኔን ግን ድምፁ ምንም አልረበሸኝም። እስቲ እየው።"

ሰካሁላትና ጊታሩን መታችው። ቆርቆሮ ላይ ሚስማር የተጎተተ ያህል ጥርሴን አጠረሰኝ።

"ዘፋኙ እውነቱን ነው" አልኳት። "ግን ቀላል ነው፣ ቶን እጨምርለታለሁ፤ ሹሉን ድምፅ የሚያለሰልስ ማዞሪያ።"

"ጊታሩ ላይ ያለው ቶን ምን ሊሠራ?"

"እሱ ከፔዳሉ በፊት ነው። ይሄን ፉጨት የሚወልደው ራሱ ፔዳሉ ስለሆነ መውጫው ላይ ነው የሚያዘው። አንድ ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ በጓሮ በር ያስወጣዋል፤ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው ማዞሪያው ነው።"

ቆርቆሮውን በስቼ ማዞሪያውን አሰርኩ። መጀመሪያ የበየድኩት ካፓሲተር በዛበትና ጊታሩ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያጉረመርም መሰለ። አነስ ባለ ቀየርኩት። አሁን ልክ መጣ፤ ደስ አለኝ።

"ቀስ ብዬ አዞራለሁ፤ ልዩነቱ ሲሰማሽ አስቁሚኝ።"

ማዞር ጀመርኩ። ሩብ ላይ ስደርስ ፉጨቱ ጠፋ። እህቴ እየመታች ዝም ብላ ታየኛለች። ግማሹን አለፍኩ።

"አልጀመርክም እንዴ?"

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው "አሁን" ያለችው። ጀርባዋን አዙራ ደገምነው፤ ያው እዚያው ላይ። መበየጃውን ከሶኬት ነቀልኩ። ደንበኛ ሲሆን ችግሩን ፊት ለፊት እናገራለሁ፤ ለእህቴ ግን ቃል መረጥኩ።

"እትዬ፣ ፔዳሉ አሁን ደህና ነው። ቀጭኑን ድምፅ ያልሰማው ጆሮሽ ነው።"

የጊታሩን ክሮች በመዳፏ ያዘቻቸው።

"የባሰው ግራው ነው" አለች። "ከበሮ መቺው የሚመታው የነሐስ ሳህን ያለው በዚያ በኩል ነው። ስልክም በቀኝ ነው የማነሳው። አውቄው ኖሯል ማለት ነው።" ከዚያ ቀና አለች። "ማንም ሳያውቅ ልደብቀው ብል ስንት ቀን ያስኬደኛል? አያስኬደኝም። ሐኪም ዘንድ አብረኸኝ ሂድ።"

ሐሙስ ሄድን። ሐኪሟ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን መጠበቅ እንደሚቻል ነገረቻት። የጆሮ መሸፈኛ ሰጠቻት፣ ከከበሮው እንድትርቅም አዘዘቻት። እህቴ ለስንት ሰዓት መጫወት እንደምትችል ብቻ ጠየቀች።

ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ላይ አብሬያት ነበርኩ፤ ለባንዱ ራሷ ነገረቻቸው፤ ሳታስረዝም፣ ሳታለቃቅስ። ከበሮ መቺው ሳህኑን ይዞ ወደ ሌላኛው ጥግ ተዛወረ። እሷ ፔዳሉን በእግሯ ወደ ዘፋኙ ገፋችው።

"ያቺ አዲሷ ማዞሪያ ያንተ ናት። ጣቶቹ ግን የእኔ ናቸው፤ እዚያ አትግባ።"

ዘፋኙ ተንበርክኮ በሁለት ጣት እያዞረ አዳመጠ፤ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ፈጀ። "እዚህ ጋ" አለ፣ "እንዳትነኩብኝ።"

ጀመሩ። ድምፁ ወፍራም፣ ሻካራና ሙሉ ሆኖ አዳራሹን ያዘው። እህቴ ዓይኗን ጨፍና በቀኝ ጆሮዋ ወደ አምፕሊፋየሩ ዘንበል ብላለች። ዘፋኙ ሲያዳምጣት ዘፈኑን የሚጀምርበት ቦታ አመለጠው፤ እሷም ሳታቋርጥ መግቢያውን ደግማ ተጫውታ አስገባችው።